በግ ቁጥር 417

በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ መሠረት ዋሻ አፋፍ ላይ ውሻ ካለቀ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ውሻው ግን ይህ አልተነገረውም።

እዚያው ነው ያለው። የወሰንየለሽ በረት ውስጥ፣ ከሠላሳ በጎች መካከል፣ ደበሎ ለብሶ ተኝቷል። ስሙ ታዘበው ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ባሏ ደጀኔ ነው፤ ጎረቤት ድንበር ገፍቶት ተኳርፈው በነበረ ጊዜ፣ አጥር ላይ ቆሞ "ታዘበው! ና እስቲ ታዘበው!" እያለ ለመጣራት እንዲመቸው። አሁን በሕግ ስሙ ሌላ ነው። ግራ ጆሮው ላይ የሞተ ሙክት ምልክት ተሰክቶለት በግ ቁጥር 417 ሆኗል። በጎች ሲቆጠሩ አብሮ ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ ተከትቧል። አንዱ ቆጣሪማ "ይኸኛው ለፋሲካ ይደርሳል" ብሎ አመስግኖት ሄዷል።

የመንዝ በግ ጸጉሩ ረጅም ነው፤ ቆጣሪውም ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ ማልበሱ አላስቸገረም። ያስቸገረው ዝም ማሰኘቱ ነበር። ጋሽ ሸዋቀና እንደሚሉት ከሆነ ታዘበው በሁለተኛው ዓመት ማመስኳት ጀምሯል፤ በሦስተኛው ዓመት ሣር ቀምሶ "ጨው ያንሰዋል" በሚል ዓይን ወሰንየለሽን አይቷታል። ጋሽ ሸዋቀና ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜ እውነት የተናገሩባቸው ቀናት ተለቃቅመው አንድ ሳምንት አይሞሉም።

ነገሩ የተጀመረው በ2079 ነው። በዚያ ዓመት የቀይ ቀበሮ ቁጥር ወደ ስድሳ አንድ ወረደ፤ ግማሾቹ ዋሻ አፋፍ ሜዳ ላይ ናቸው። ውሻ በሽታ ያጋባባቸዋል ተባለ። እውነት ነው፣ ያጋባል። ክትባትም ነበር፤ ግን ክትባት ለመስጠት ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የነባር ፍጥረት ጽሕፈት ቤት የሚባል ተቋቋመና አዋጅ ወጣ። ቀይ ቀበሮ ነባር፣ ውሻ መጤ። ውሻ ወደ ሜዳው የመጣው ሰውን ተከትሎ ነው ይላል አዋጁ። ሰው ማንን ተከትሎ እንደመጣ ለጊዜው ዝም ብሏል።

ዋሻ አፋፍ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ውሻ ነበራት። በአሥራ አንድ ቀን አለቀ። የጨረሰው ጭልፊት ነው። ጭልፊት ክንፉ ሰው የሚያህል፣ ድምፁ እንደ ንብ ያለ ማሽን ነው። በየጣሪያው የተተከሉት ጆሮዎች ጩኸት ሲሰሙ ይነሳል፤ የጮኸውን ይፈልጋል፤ በመርፌ ይወጋል። የመጀመሪያው መርፌ ያስተኛል። ሁለተኛው ይገድላል፤ እሱን ኃላፊው ይፈርማል፤ ኃላፊው በቦታው ከሌለ ማሽኑ ራሱ ይፈርማል። በዚያ ሰሞን ትክትክ ይዞት የነበረው የቀበሌው ሊቀመንበር አንዱ መርፌ አግኝቶት ሁለት ቀን ተኛ። ሲነቃ ደረቱ ላይ "ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ዋሻ አፋፍ ላይ ሰው ሲያስለው ጋቢውን ይነክሳል።

በውሻው ፋንታ ለየቤቱ ጠባቂ ሳጥን ታደለ። ጅብ ሲቀርብ ሳጥኑ "እባክህ ከዚህ ራቅ!" ይላል፣ በአዲስ አበባ አነጋገር። ጅቡ በመጀመሪያው ሳምንት ሸሸ። በሁለተኛው ቆሞ አዳመጠ። በአራተኛው ሳምንት ሳጥን ጮኸ ማለት በግ አለ ማለት መሆኑ ገባውና፣ ሳጥኑ ዝም ያለ ቀን በእግሩ ነካ ያደርገው ጀመር።

ጠዋትም አለ። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የምታድነው በጠዋት ስለሆነ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ እንጨት አይፈልጥም፤ ሕፃን ያለው ሰው ሕፃኑን ያባብላል። ሜዳው ጫፍ ላይ ያለው ኬላ ብረቱን ጥሎ፣ ለመጣው ሁሉ በለሰለሰ የሴት ድምፅ "ቀበሮዎቹ ቁርስ ላይ ናቸው። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን" ይላል። ብረቱን አልፎ የሄደ መርፌ ያገኘዋል። ከቀበሮዎቹ ሁሉ የምትታወቀው ንግሥት የሚሏት ናት። አንገቷ ላይ ካሜራ አለ፤ ዓለም በየስልኩ ስትበላ ያያታል። አንድ ጊዜ ስታነጥስ ባሕር ማዶ ሻማ ያበሩላት ነበሩ አሉ።

ደጀኔ የሞተው ኬላው ሥር ነው። በ2081 ጥቅምት ላይ ሆዱን ቆርጦት፣ አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞት፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከብረቱ ወዲያ አምቡላንሱ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። ከብረቱ ወዲህ ደጀኔ የሚስቱን እጅ ይዟል። ያቺ ድምፅ አርባ ስድስት ጊዜ አመሰገነቻቸው። ወሰንየለሽ ቆጥራለች። ከቤት ስትወጣ በድንጋጤ ይዛው የሄደችው እንዝርት ላይ የዚያ ቀን የበግ ጸጉር ግማሹ ተፈትሎ ግማሹ ሳይፈተል እስከ ዛሬ አለ። ዕቃዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ አትጨርሰውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግሥትን በሩቅ ስታይ ምራቋን ትተፋለች። ታዘበው ግን ነገሩን እንደሷ አላየውም። ባለፈው ነሐሴ ጉም በወረደ ቁጥር መጥፋት ጀመረ። ሲመለስ አፉ ፍልፈል ፍልፈል ይሸታል፤ ዓይኑም ያበራል። "የት ስትዞር ውለህ ነው፣ አንተ ማፈሪያ?" ትለዋለች። ደበሎውን አራግፎ እንደ በግ አንገቱን ይደፋል።

*

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጉም ከገደሉ ሥር ወጥቶ ሜዳውን ዋጠው። ጅቡ በቀን መጣ። ሳጥኑ "እባክህ ከዚህ ራቅ!" ሲል ጅቡ ወደ ድምፁ ገባ። ጠቦት በአፉ ይዞ ሊወጣ ሲል በግ ቁጥር 417 አራት ዓመት ያመቀውን አንድ ላይ አወጣው። ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጅቡ ጠቦቷን ጥሎ ሄደ፤ ጋሽ ሸዋቀና እንደሚሉት ፈርቶ አይደለም፣ በግ ሲሰድበው ሰምቶ ስለማያውቅ አፍሮ ነው።

ወሰንየለሽ ሮጣ የታዘበውን አፍ በሁለት እጇ ጨመቀች። "አንተ የሞት ልጅ! ልታስፈጀን ነው?" አለችው። እሱ ጅራቱን ይቆላል። ጣሪያዋ ላይ ያለው ጆሮ ቀይ መብራቱን አብርቷል።

አሥር ሰዓት ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዮፍታሔ ከነጭልፊቱ ደረሰ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጫማው ንጹሕ፣ ንግግሩ ለስላሳ። ዋሻ አፋፍን ለአራት ዓመት "ማኅበረሰቡ" ሲላት ኖሯል፤ ከማኅበረሰቡ አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ አያውቅም። ቤት ለቤት ተፈተሸ። ጭልፊቱ ከላይ ሆኖ የሚሞቅ ነገር ፈለገ፤ ያገኘው በግ ብቻ ነው። ውሻ የለም።

ያኔ ነው ዮፍታሔ ሕዝቡን ኬላው አጠገብ ሜዳ ላይ የሰበሰበው።

"እንግዲህ ሀገር በቀል ዕውቀት እንጠቀማለን" አለ። "አባቶቻችሁ ሌባ ሲጠፋባቸው አውጫጭኝ ይቀመጡ የለም? ሥልጠና ላይ በሚገባ ተምሬዋለሁ።" ወረቀት አውጥቶም አነበበ። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ጥፋተኛ ሳይገኝ አውጫጭኝ አይበተንም። ሕዝቡ ወፍ የሚባል ሰው ይመርጣል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ለወፍ በጆሮው ይነግራል። ወፍ የሰማውን ይናገራል፤ ከማን እንደሰማ አይጠየቅም። የወፍ ቃል አይሻርም።

ጋሽ ሸዋቀና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ጌታዬ፣ የመጨረሻዋን እስቲ ይድገሙልኝ። ጆሮዬ ደከም ብሎ ነው።"

"የወፍ ቃል አይሻርም።"

"እርስዎም አይሽሩትም?"

"እኔም አልሽረውም።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ለማሽኑም ይንገሩልን፤ ኋላ ጠብ እንዳይሆን።"

ዮፍታሔ ፈገግ ብሎ ለጭልፊቱ ትእዛዙን ሰጠ። ጭልፊቱም በዚያችው በኬላዋ ድምፅ "ጉዳዩ በአውጫጭኝ ተይዟል። የወፍን ቃል እጠብቃለሁ" አለ።

ወፍ ማን ይሁን ሲባል ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ አፍ "ጋሽ ሸዋቀና!" አለ። የሰውየውን ውሸት ከመንዝ አልፎ ሌላው አገር ያውቀዋል። ዮፍታሔ ሽበታቸውን አየና "ይሁኑ፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አለ።

ድንኳን ተተከለ። ሰው አንድ በአንድ ገብቶ ወጣ። ወሰንየለሽ ብቻ "ቆይ፣ ነገ" እያለች ቀረች። ሲመሽ ጋሽ ሸዋቀና ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወፌ እንዲህ አለች። የጮኸው አቶ ዮፍታሔ ነው።"

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አራት ዓመት ጋቢ የነከሰ ሕዝብ ነው፤ ሲስቅ ጊዜ ጥርሱ ያሳዝን ነበር።

"አባቴ፣ ቀልዱ ይብቃ" አለ ዮፍታሔ።

"ምን ቀልድ አለው ጌታዬ? ወፏ ናት ያለችው። እኔ ተላላኪ ነኝ።"

ጭልፊቱ "ተመዝግቧል" አለ።

"ትክክለኛው እስኪገኝ እንቀጥላለን" አለ ዮፍታሔ፤ የመዘገበውንም ዞሮ አላየውም።

*

በሁለተኛው ቀን ሳቁ አለቀ። እሳት የለም፤ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹ ከየመንደሩ ይጮኹ ጀመር። "እባክህ ከዚህ ራቅ! እባክህ ከዚህ ራቅ!" ቤቱ ሰው አልባ መሆኑን ጅብ ሁሉ ሰምቷል። ሰው ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ የገዛ በጉን ድምፅ ይለያል። ይቺ የእነ እንትና ናት፤ ይቺ ደግሞ የኔ ናት። ሊነሣ የሞከረውን ሁሉ ጭልፊት አናቱ ላይ ቆሞ ያስቀምጠዋል። ዮፍታሔ ድንኳኑ ጥላ ሥር ሪፖርት ይጽፋል። ርእሱ "ማኅበረሰብ አቀፍ ተሳትፎ" ይላል።

ጎረቤቷ በለጠች መጥታ ከወሰንየለሽ ጎን ተቀመጠች።

"አራት ሆኑብኝ" አለች። "አራተኛዋ በግ ቦሬዋ ናት፤ በድምፅዋ ለየኋት።"

"በለጡ..."

"እኔ አልተናገርኩም። አልናገርምም። ግን አራት ሆኑብኝ፤ ይኸን እወቂልኝ ብዬ ነው።"

ወሰንየለሽ ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን አነጋች። ሲነጋ ቀጥ ብላ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ጋሽ ሸዋቀና ብርድ አኮማትሯቸው ቡልኮ ውስጥ አሉ።

"ልናገር ነው ጋሼ።"

"ጆሮዬ አይሰማም ብያለሁ እኮ።"

"ይሰሙኛል! ሰው በኔ ውሻ አለቀ!"

"ባንቺ ውሻ?" ድምፃቸው በአንድ ጊዜ ወጣት ሆነ። "ብረቱን የዘጋው ታዘበው ነው? ሳጥኑን የሠራው ታዘበው ነው? ሰውን እንደ ከብት ሜዳ ላይ ያጎረው ታዘበው ነው?"

"ያቺ ቀበሮ ናታ! ያቺ ንግሥት የሚሏት! ባሌን የገደለችው እሷ አይደለችም? ቁርሷን እስክትጨርስ!"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። "ወሰኔ፣ ቀበሮዋ ፍልፈሏን ትብላ እንጂ መንገድ ይዘጋልኝ ብላ ማመልከቻ አስገብታለች? እኔ ዋሽቼ አላውቅም፤ እሷም እንደዚሁ።"

ሳይወዱ በግድ የሚመጣ ሳቅ አለ። ወሰንየለሽ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያኔ ነው ውጭ ሰው ሁሉ ባንዴ ጸጥ ያለው።

*

ሦስት ሰዓት ነው። ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገፎ ሜዳው ወለል ብሏል። ከኬላው በላይ ባለው ጉብታ ንግሥት ትመጣለች፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ጅራቷን ጥላ። ከኋላዋ ሦስት ግልገሎች አሉ። ከግልገሎቹ ኋላ ደግሞ በግ ቁጥር 417 አለ፤ ደበሎው ተንሸራትቶ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል፣ ጆሮው ተነክሶ ደም ደርቆበታል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከጅብ ሲታገል የሰነበተ ያስታውቃል። አንዱ ግልገል የደበሎውን ጫፍ ነክሶ ይጎተታል። ሌላው ከሆዱ ሥር ይሽሎከሎካል። እናቲቱ ዞር ብላ አየቻቸውና የቤቷን ሰው እንዳየች ሁሉ መንገዷን ቀጠለች።

ደፋሩ ግልገል ሰዉን አየ። ቆመ። ደረቱን ነፋ።

"ሃው!" አለ።

ቀይ ቀበሮ እንዲህ አትጮኽም። ሁለተኛውም "ሃው! ሃው!" አለ። ሦስተኛው አነጠሰ።

በየጣሪያው ያሉት ጆሮዎች ሁሉ ቀይ ሆኑ። ጭልፊቱ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ግልገሎቹ አናት ላይ ቆመ። "ጩኸት ተሰምቷል። ሦስት ግልገል፤ ድቃላ፤ መጤ። ጉዳዩ በአውጫጭኝ ተይዟል። የወፍን ቃል እጠብቃለሁ።"

"አቁም!" አለ ዮፍታሔ። "ተመለስ! የንግሥት ልጆች ናቸው! ዓለም እያየን ነው!"

"የወፍ ቃል አይሻርም" አለ ጭልፊቱ።

ዮፍታሔ በንጹሕ ጫማው ጭቃ እየረገጠ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። "አባቴ! ጋሼ! የጮኸ የለም ይበሉት!"

"አውጫጭኝ ያለ ጥፋተኛ አይበተንም፤ እርስዎ ነዎት ያነበቡልን።"

"እንግዲያው ስም ይጥሩ! የማንንም!"

"ጠርቻለሁ እኮ ጌታዬ። መጀመሪያ ቀን።"

ጭልፊቱ ሰማ። "የተመዘገበ ጥፋተኛ፦ ዮፍታሔ። ቃል ያልሰጠ አንድ ሰው ቀርቷል። የቀረው ሰው ቃሉን ሲሰጥ ጥፋተኛው በድምፁ ያረጋግጣል። አለዚያ የጮኹት ይወገዳሉ።"

ዮፍታሔ ዞረ። ወሰንየለሽ ከፊቱ ቆማለች። "ወይዘሮ..." አለና ቆመ። "ወይዘሮ..."

"ወሰንየለሽ።"

"ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ ያ የርስዎ ውሻ ነው፣ ገብቶኛል፤ ምንም አላደርገውም። 'የጮኽኩት እኔ ነኝ' ይበሉና ድምፅ ይስጡ። መርፌው ቢያገኝዎትም ያስተኛዎታል እንጂ አይጎዳዎትም። እኔ በቦታው ስላለሁ ሁለተኛውን አልፈርምም።"

ወሰንየለሽ ጉብታውን አየች። አንድ ቃል ሳትናገር ዝም ብትል ንግሥት ዘር አይኖራትም። ደጀኔን የሸኙበት ቃሬዛ የቆመበት ድንጋይ ከዚህ ይታያል። ግልገሉ ደበሎውን ለቆ ተቀመጠና ግራ ጆሮውን በኋላ እግሩ አከከ፤ ጫፏ ነጭ ናት፣ ልክ እንደ አባቱ እንደ ታዘበው። ደጀኔ ያቺን ነጭ ጆሮ በሁለት ጣቱ ይዞ ማሻሸት ይወድ ነበር።

"አራት ዓመት ጋቢ አስነከሳችሁን" አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ሁሉም ግን ሰማው። "ሳል ወንጀል ሆኖብን ኖርን። በለጠች አራት በግ ተበልቶባት ድምፅ አላወጣችም። ባሌ እዚያች ድንጋይ ላይ ሲሞት፣ ቀበሮዋ እንዳትረበሽ ብዬ አልቅሼ እንኳ አልጮኽኩም። አሁን ደግሞ ስለርስዎ ልጩኽ?" ወደ ጋሽ ሸዋቀና ዞረች። "ወፌ፣ ቃሌን ተቀበይኝ። የጮኸው እሱ ነው።"

"ተመዝግቧል" አለ ጭልፊቱ። "ጥፋተኛው ያረጋግጥ።"

ዮፍታሔ ዙሪያውን አየ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ያየዋል። ንግሥት ካሜራዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ወደሱ ዞራለች። ተንበረከከ።

"ሃው" አለ።

"አልተመሳሰለም።"

"ከሆድህ አውጣው!" አለች በለጠች።

"ሃው! ሃው!"

"አልተመሳሰለም። ማስወገዱ ሊጀመር ነው።"

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ዮፍታሔ ሥልጠና ላይ የተማረው አልነበረም። ራሱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ታዘበው ከጉብታው ላይ ሆኖ በሙያ ወንድምነት መለሰለት፤ ጭልፊቱ ግን ሌላ ድምፅ መስማት አልፈለገም።

"ተመሳስሏል። አውጫጭኙ ተፈጽሟል" አለ። ከግልገሎቹ አናት ተነሣ፤ በዝግታ ዞረ። "የጮኸው አንድ፤ ተገኝቷል። መርፌ በመዘጋጀት ላይ ነው።"

ዮፍታሔ ያን ጊዜ ነው ስለ ሁለተኛው መርፌ ያሰበው። ኃላፊው ከተኛ ኃላፊው በቦታው የለም። ኃላፊው በቦታው ከሌለ ማሽኑ ራሱ ይፈርማል። አንቀጹን ያረቀቀው እሱ ነው፤ ሥራ እንዳይጓተት ብሎ።

መኪናው ውስጥ ዘሎ ገብቶ ወደ ኬላው ከነፈ። ብረቱ ወድቋል። ወርዶ በሁለት እጁ ነቀነቀው። "ክፈቱ! እኔ ነኝ! ኃላፊው ነኝ!"

ጋሽ ሸዋቀና ሕዝቡን "በሉ ቤታችሁ ግቡ፤ የተረፈ በግ ካለ ቁጠሩ" ብለው አሰናበቱት። ወሰንየለሽ ግን ወደ ኬላው ወረደች። አልቸኮለችም። የምታውቃት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከመቀነቷ እንዝርቱን አወጣች። ከትናንት ወዲያ ከቤት ስትወጣ ለምን እንደያዘችው ራሷም አላወቀችም ነበር። ጭልፊቱ እንደ ንብ እያለ በላይዋ አለፈ።

"ክፈቱልኝ! ስለ እግዚአብሔር!"

"ቀበሮዎቹ ቁርስ ላይ ናቸው" አለች ያቺ የለሰለሰች ድምፅ። "ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።"

"አንድ" አለች ወሰንየለሽ፤ እንዝርቱንም አሾረችው።